አንድ ሜትር ኩብ ከቺያንግ ማይ

ኦክቶበር 13፣ 2024፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ነገሩ የጀመረው በሩዝ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌይሂል ሮድ ላይ፣ የታይላንዶች ቤተ መቅደስ አለ። አብራኝ የምትሠራ ታይላንዳዊት «ነይ ምሳ እንብላ» ብላ ዛሬ ይዛኝ ሄደች። ሩዙ የቀረበው በትንሽ የቀርከሃ ቅርጫት ነው። ክዳን አላት። ማንጠልጠያ ገመድ አላት። እጄ ወደ ሩዙ ሳይሆን ወደ ቅርጫቷ ሄደ። አገልግል! ቆዳ ያልለበሰች አገልግል። ስሟ «ክራቲፕ» ነው አለችኝ። የሚያጣብቀው ሩዛቸው ሳይደርቅ የሚቆየው በእሷ ነው።

ማታ ፎቶውን ለባለቤቴ አሳየሁት። «ይሄማ ሙዳይ ነው» አለ። አገልግል ነው፣ ሙዳይ ነው እያልን ስንከራከር አመሸን። በአንድ ነገር ግን ተስማማን። እዚህ አገር ያለ አበሻ ይህችን ቢያይ ክዳኗን ሳይከፍት አያልፍም።

በወሩ መጨረሻ ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ከዚያ ባንኮክ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ ይበረራል። ሁለት ሳምንት የሥራ ፈቃድ ይተርፈኛል። ለቤዝመንቱ ወለል ያጠራቀምነው 2,500 ዶላር አለ። ወለሉ ይቆይ ተባለ። (ማን አለ? እኔ።)

ኖቬምበር 8፣ ባንኮክ

አውሮፕላኑ ውስጥ ነጋዴው ብዙ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፕራቱናም ገበያ ልብስ ማመላለስ ከጀመረች ቆይታለች። «ምን ልታመጪ ነው?» አለችኝ። «ቅርጫት» ስላት ከልቧ ሳቀች።

«የኔ እናት፣ ልብስ ይታጠፋል። ቅርጫት አይታጠፍም። አየር ነው የምትጭኚው።»

አብሬያት ሳቅሁ። ደብተሬ ላይ ግን ጻፍኳት።

ኖቬምበር 9፣ ቻቱቻክ

የቅዳሜና እሑድ ገበያ ነው። 27 ክፍል አለው፤ መሀሉ ላይ የሰዓት ማማ ቆሟል። መርካቶን በቆርቆሮ ሸፍኖ የባንኮክን ሙቀት መጨመር ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ጊዜ ጠፍቼ ሁለቴም በማማው ተገኘሁ።

ክራቲፕ፣ መካከለኛዋ፣ 120 ባት። ደርዘን ብወስድስ? 95። ሃምሳ ብወስድስ? 80። አንድ ዶላር ወደ 34 ባት ተኩል ነው የመነዘሩልኝ። ብዙ ሱቆች «ሆልሴል» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል፤ አንዳንዶቹ ከሦስት ዕቃ ይጀምራሉ። ሦስት ክራቲፕ የገዛ ሰው ጅምላ ነጋዴ ከተባለ እኔም ከበርቴ ነኝ።

በታይኛ የጅምላ ዋጋ «ራካ ሶንግ» ነው። «ሶንግ» መላክ፣ ማድረስ ማለት ነው። ችግሩ፣ ድምፁን ካስረዘሙትና ከፍ ካደረጉት «ሁለት» ይሆናል። ሦስት ሱቅ በኩራት ገብቼ «ራካ ሶንግ?» ስል ሦስቱም ሁለት ጣት አውጥተው አዩኝ። አራተኛዋ ናት ስቃ ያረመችኝ። ቁርጥ አድርጊው፣ ዝቅ አድርጊው፣ አለችኝ በእጇ እያሳየች።

እሷኑ «ቅርጫቱ ከየት ነው የሚመጣልሽ?» አልኳት። «ቺያንግ ማይ» አለች፣ የሰሜኑን ከተማ፤ ምንም አልደበቀችም። እንግዲያው እዚህ የምከፍለው የእሷን የሱቅ ኪራይ ነው። አንዲቱን ለናሙና ገዝቼ ወጣሁ።

ኖቬምበር 11፣ ሳምፔንግ

ቻይና ሰፈር ውስጥ ያለ ቀጭን የጅምላ መንገድ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስኬድ ቦታ ላይ ሞተር ሳይክል ያልፋል፣ ጋሪ ያልፋል፣ ጋሪው ላይ ደግሞ የሾርባ ድስት ተጭኗል። ብዙው ነገር የሚሸጠው በደርዘን ነው። የዝሆን ቁልፍ መያዣ ዋጋው አማለለኝ፤ ካርቶኑን ሳገላብጠው ኢዉ ይላል። የቻይናዋ የጅምላ ከተማ። የታይላንድ እጅ ሥራ ብዬ እዚያ ድረስ መጥቼ የኢዉን ፕላስቲክ ይዤ መግባት አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ገዛሁ። «ሜድ ኢን ታይላንድ» የሚል የጨርቅ ምልክት፣ 700 ፍሬ። አሜሪካ የሚገባ የውጭ ዕቃ የተሠራበት አገር እያንዳንዱ ላይ በማይጠፋ መንገድ መጻፍ አለበት። ሳይጻፍ ከተገኘና ካልታረመ ከቀረጡ ሌላ የዕቃው ዋጋ 10 በመቶ ይጨመራል። ለቅርጫት ደግሞ ከሚለጠፍ ወረቀት የተሰፋ ጨርቅ ይሻላል።

ኖቬምበር 13፣ ቺያንግ ማይ

ከክሩንግ ቴፕ አፒዋት ጣቢያ ማታ ተሳፍሬ ጠዋት እዚህ ወረድኩ። ከጣቢያው ወደ ገበያው የሚወስደው ቀይ መኪና ስሙ ሶንግታው ነው፤ «ሁለት ረድፍ» ማለት ነው። ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጉልበት ለጉልበት። ውይይት! አዲስ አበባ ከመንገድ የጠፋው ውይይት እዚህ ቀይ ተቀብቶ እየሠራ ነው። 30 ባት።

ዋሮሮት ገበያ ፒንግ ወንዝ ዳር ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን አጥለቅልቆት ነበር፤ አንዳንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ የጭቃው መስመር ወገቤ ድረስ ይታያል። ባለሱቆቹ ስለ ጎርፉ ሲያወሩ አያማርሩም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እስከዚህ» ብለው ያሳያሉ፣ ከዚያ ወደ ዋጋ።

ከዋናው ገበያ ጎን የሞንግ ሰዎች የሚሸጡበት መተላለፊያ አለ። ጥልፋቸው ልብ ይሰቅላል። አሮጌ ቀሚስ ቆራርጠው ትንንሽ ቦርሳ ይሠሩበታል። አንዱ ቦርሳ ለችርቻሮ 50፣ 200 ስወስድ 25 ባት። ተጣጥፈው አንድ የገበያ ፌስታል ውስጥ ገቡ። የአውሮፕላኗን ሴት አስታወስኳት።

እዚሁ ገበያ አንድ ብልሃት ተማርኩ። የቀርከሃ ቅርጫት ከመግዛትሽ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርጊው። ዱቄት የመሰለ ነገር ከረገፈ ውስጡ ነቀዝ አለ። ከመታኋቸው አሥራ ሁለት መካከል ሁለቱ አረገፉ። ባለሱቁ ወረቀቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ሁለቱን አነሳና ከጀርባው አስቀመጣቸው። (ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል።)

ኖቬምበር 14፣ ባን ታዋይ

ሃንግ ዶንግ ወረዳ ያለ የእንጨት ቀራጮች መንደር ነው። ሙሉ ዝሆን የሚያክል ዝሆን አለ። የማንጎ እንጨት ሳህን፣ የግድግዳ ጌጥ፣ በርና ደፍ። የቡድሃ ራስ ቅርጽም ሞልቷል። እሱን አልነካሁትም። የቡድሃ ምስል ከአገር ለማውጣት የሥነ ጥበብ መምሪያቸው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ባይኖርስ? እኛ ታቦት ቤት ያለ ነገር ሰው ሳሎኑን ቢያስጌጥበት ምን እንደምንል አውቃለሁ።

መንደሩ ውስጥ ዕቃ አሽገው የሚልኩ ቢሮዎች አሉ። አንዱ ገባሁ። ሰውየው ምን እንደምገዛ አልጠየቀኝም። «ስንት ኩብ ነው?» ነው ያለኝ። ኩብ? ናሙናዋን ክራቲፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሜትሩን አወጣ፤ ወርድ፣ ቁመት፣ ጎን ለካ። ከዚያ የሒሳብ ማሽኑን ወደ እኔ አዙሮ እየነካ አሳየኝ።

በፈጣን መልእክት ከላክሽ፣ ሦስቱን በሴንቲ ሜትር አባዝተሽ ለ5,000 ታካፍያለሽ። በአውሮፕላን ጭነት ከሆነ ለ6,000። የሚወጣው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ነው የምትከፍይው። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ቅርጫት በሚዛን 60 ኪሎ ቢሆንም ፈጣን መልእክቱ 200 ኪሎ ብሎ ያስከፍላል። በመርከብ ደግሞ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ሲጫን የሚታሰበው በሜትር ኩብ ነው፤ ከአንድ ቢያንስም የአንድ ይከፈላል።

140 ኪሎ አየር። የአውሮፕላኗ ሴት አልቀለደችም።

ሆቴል ገብቼ የገዛሁትን ሁሉ ወለል ላይ ደረደርኩ። ሜትር አልነበረኝም፤ በጫማ ማሰሪያና በእስክሪብቶ ለካሁ። ከዛሬ ጀምሮ የማንኛውም ዕቃ ዋጋ ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ባት፣ አንዱ ሴንቲ ሜትር። የማንጎ እንጨት ሳህኑ ቀረ። ልቤ እዚያው ነው።

ኖቬምበር 15

ሎይ ክራቶንግ። ገበያው በጊዜ ተዘጋ። ከሙዝ ቅጠልና ከአበባ የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ሻማ ይዘው ፒንግ ወንዝ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከስድስት ሳምንት በፊት ቤታቸው የገባው ወንዝ ይኸው ነው። ዛሬ ሥራ የለም።

ኖቬምበር 16፣ ቦ ሳንግ

ሳን ካምፔንግ መንገድ ላይ ያለ የጃንጥላ መንደር። ጃንጥላው ከቀርከሃና «ሳ» ከሚባል የዛፍ ልጥ ወረቀት ነው የሚሠራው። ግቢው ውስጥ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ከሩቅ ጥምቀት ይመስላል።

አንዷ ሴት በቀርከሃ ዘንጎቹ መካከል የጥጥ ክር ታስገባለች፤ ዓይኗ ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ ጣቷ ግን ቀዳዳ አይስትም። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን በሙጫ እየደራረበ ያለብሳል። ያቆመኝ ግን ሠዓሊው ነው። ጠፍጣፋ ብሩሹን አንዱን ጫፍ ቀይ፣ ሌላውን ጫፍ ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረና አንዴ ጠምዘዝ አደረገው። ሙሉ የአበባ ቅጠል ወጣ፤ ከቀይ ወደ ነጭ የሚሄድ። አምስት ጊዜ ጠመዘዘ፤ አበባ። ሃያ ሰከንድ አልፈጀበትም። ከጎኑ ቱሪስቶች የስልካቸውን ልባስ ይዘው ለማስሳል ተሰልፈዋል።

ያየሁት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልገዛም ነበር። ጃንጥላ ግን ይዘጋል! ስትከፈት ጠረጴዛ የምታክለው ስትዘጋ ክንድ ታህላለች። 60 ፍሬ፣ ትንሹ መጠን፣ በ130 ባት። ለዝናብ አይደለም፣ ለጌጥ ነው፤ ይህን ለገዢ መንገር አለብኝ። ለታቦት ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ እንደማይጠፋም ይታወቀኛል። አይሆንም፤ ያ ከፋይና ዘርፍ ይፈልጋል።

እግረ መንገዴን ከዚያው ወረቀት የተሠራ ማስታወሻ ደብተር 100 በ35 ባት ያዝኩ። ደብተር ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ወድጃለሁ።

ኖቬምበር 18፣ ሳራፒ

ዛሬ ያለ አስተርጓሚ የማይሆን ነበር፤ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ልጅ ግማሽ ቀን ከፍዬ ይዤ ሄድኩ። ወደ ሳራፒ የሚወስደው አሮጌው የላምፑን መንገድ ግራና ቀኙ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ነው። ግንዳቸው ላይ የመነኩሴ ልብስ ዓይነት ብርቱካናማ ጨርቅ ታስሯል። እንዳይቆረጡ ነው አለኝ ልጁ፤ የተቀደሰ ዛፍ ማን ይቆርጣል?

ቅርጫት ሠሪዋ ስድሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። ልጁ «ፓ» ይላቸዋል፤ ከእናት ወይም ከአባት ለምትበልጥ እህት የሚባል ነው። እኔም ፓ አልኳቸው። እሳቸው «ኖንግ» አሉኝ፤ ታናሼ እንደማለት። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ደስ አለኝ።

ቤቱ በእግር የቆመ ነው፤ ሥራው ከሥሩ ነው። ግድግዳው ላይ የኦቶፕ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። መንግሥታቸው በ2001 የጀመረው ነው፤ አንድ ቀበሌ አንድ ምርት የሚሉት። ዕቃው በኮከብ ይመዘናል፤ ትልቁ አምስት ነው። የፓ አራት አለው። አምስተኛው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም።

ቀርከሃውን በቢላ ሰንጥቀው ሰንጥቀው እንደ ስንደዶ ያቀጥኑታል። ከዚያ ግን ከኛ ይለያል። የኛ ይሰፋል፤ ስንደዶው ይጠቀለላል፣ አክርማው በወስፌ ይገባል። የእሳቸው ይጎነጎናል፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ወስፌ የለ፣ መርፌ የለ። ስልኬን አውጥቼ የእናቴን መሶብ ፎቶ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። በሁለት ጣታቸው አጉልተው ስፌቱን ቆጠሩ። «ስንት ቀን?» አሉ። ወራት ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ስንት ብር?» አላሉም።

ክራቲፕ እንዴት ሩዙን እንደሚያሞቅ ያወቅሁት ዛሬ ነው። ግድግዳዋ ድርብ ነው። ውስጥ አንድ ቅርጫት፣ ውጪ ሌላ፣ አፉ ላይ አንድ ላይ ይታጠፋል። በመካከል አየር ይቀራል። ሙቀቱን የሚይዘው አየሩ ነው፤ ላቡ ደግሞ በቀርከሃው ይወጣል። አየር፣ እንደገና! የዕቃዋ ጥበብ አየር መያዟ ነው፤ እኔን የሚያከስረኝም ይኸው።

ስለ ነቀዙ ጠየቅኳቸው። የአንድ ዓመት ቀርከሃ ጣፋጭ ነው አሉ፤ ተባይ ይወዳል። እሳቸው ሦስት ዓመት የሞላው ነው የሚቆርጡት። ያለቀውን ደግሞ ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ ጭስ ያጠግቡታል። ያቺ የዋሮሮት ቅርጫት ጭስ አላየችም ማለት ነው።

ወደ ዋጋው። ከባንኮክ ይዤ የመጣሁትን መካከለኛ ክራቲፕ አስቀመጥኩና ከፓ ትንሿን አንስቼ ውስጧ ከተትኩ። ልክ ሳትሆን ቀረች፤ የክዳኗ ጠርዝ ያዘ። ቀና ብዬ ፓን አየሁ። ገብቷቸዋል። ልጁ ሳይተረጉም ተነሥተው ከጓዳ አንድ ትልቅ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትንሽ ይዘው መጡ። የትንሿን አፍ በጣታቸው ለክተው በእርሳስ ምልክት አደረጉ፤ እዚህ ላይ ላጥብበው? የእናቴ ባለ አምስት ድስት ታወሰኝ፤ አንዱ በአንዱ ሆድ ገብቶ ቁም ሳጥን ላይ የሚቀመጠው።

ሦስቱ አንድ ላይ 210 አሉ። 170 አልኩ። የሒሳብ ማሽኑ አራት ጊዜ ተመላለሰ። 190 ላይ ፓ ማሽኑን አጥፍተው ሻይ አመጡ። 60 ስብስብ። በተጨማሪ ሙዳይ የምታክለውን ትንሽ፣ 120 ፍሬ፣ በ28 ባት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆነው በሦስት ሳምንት ያደርሳሉ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ናሙናዋ ታች ሁለታችንም ፈረምንበት፤ እሳቸው በታይኛ፣ እኔ በአማርኛ። ከእሷ የተለየ ከመጣ ክርክሩ ቀላል ነው።

ደረሰኙ ላይ ያለው ዓመት 2567 ነው። አዲስ አበባ 2017 ነበርኩ፣ ቤቴ 2024 ነው፣ ሳራፒ 2567። ዕቃዬን ከጉምሩክ የሚያወጣልኝ የባልቲሞሩ ትራንዚተር ይህን ሲያይ ምን ይል ይሆን? ከሥሩ የፈረንጁን አስጻፍኩ።

ኖቬምበር 21

ላኪ ቢሮ መረጥኩ (የባን ታዋዩን አይደለም፤ ሌላ፣ ዋጋው የቀነሰ)። ማሸግ፣ በሙቀት ክፍል ማድረቅ፣ ወደ ባንኮክ መኪና፣ ወረቀት፣ መርከብ እስከ ኒው ዮርክ፤ ሁሉም 9,800 ባት። የእንጨት ሳጥን እናድርግልሽ አሉ። እምቢ አልኩ። የማሸጊያ እንጨት 56 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ታክሞ የስንዴ ዛላ ያለበት ማኅተም ካልተመታበት አሜሪካ ወደብ ላይ ይመለሳል። ካርቶን ይበቃኛል።

የዕቃው ዋጋ ሲደመር 31,060 ባት። ዘጠኝ መቶ ዶላር። ነገ እመለሳለሁ።

ዲሴምበር 9፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ፓ «ላይን» በሚባለው የስልክ መልእክት መላላኪያ ፎቶ ላኩ። ስብስቦቹ ጣራ ድረስ ተደርድረዋል። አምረዋል። ሳጎላው ግን ምልክቱ የተሰፋው ትልቋ ላይ ብቻ ነው። ሦስት ቅርጫት አንድ ምልክት! ስብስቡን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረውታል፤ አይፈረድባቸውም። እኔ ደግሞ ነጥዬ እሸጥ ይሆናል። ልጁን በስልክ አስተረጎምኩ። በማግስቱ ሌላ ፎቶ፤ ክዳኖች ብቻ ወለል ላይ ተደርድረዋል፣ በየአንዳንዱ ላይ ምልክት። አንዱ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ይለፍ።

ዲሴምበር 17

ትራንዚተሩ ሦስት ጊዜ ደወለ። ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ዝርዝሩ ለአሜሪካ ጉምሩክ መግባት አለበት። ካልገባ ቅጣቱ 5,000 ዶላር ነው። ለ900 ዶላር ቅርጫት! ላኪ ቢሮው መልስ የሰጠው በመጨረሻው ቀን ማታ ነው። እንቅልፍ የለም።

ጃንዋሪ 31፣ 2025

መርከቡ ገባ። ከመርከቡ ጋር ደረሰኝ ገባ። የመጋዘን፣ የማራገፍ፣ የሰነድ፣ የምን የምን፤ 410 ዶላር። ቺያንግ ማይ ላይ «ሁሉም» ያሉኝ እስከ ኒው ዮርክ ነው፤ ኒው ዮርክ ላይ ያለውን ማን ጠየቀ? እኔ አልጠየቅሁም። ለትራንዚተሩ ሳወራው አልገረመውም። የተደባለቀ ጭነት ላይ መርከቡ የሚረክሰው ለዚህ ነው አለ፤ ትርፉ እዚህ ማዶ ነው የተቀመጠው። ዋጋውን ቀንሶ የነበረው ቢሮ አልቀነሰም ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 8

ስምንት ካርቶን፣ 0.94 ሜትር ኩብ። ቤዝመንት ውስጥ ወለል በሌለው ወለል ላይ ከፈትናቸው።

ሰባቱ የጭስና የቀርከሃ ሽታ። ስምንተኛው ሲከፈት ሌላ ሽታ። ሻጋታ። ዘጠኝ ስብስብ ላይ ግራጫ ጸጉር በቅሏል። ቦርሳዎቹን ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ቅርጫት ሆድ ውስጥ አስጠቅጥቄአቸው ነበር፤ እዚህኛው ካርቶን ውስጥ ያሉት እርጥብ ሳሉ ገብተዋል መሰለኝ። እርጥበት መጣጭ ከረጢት መጨመር ነበረብኝ፤ ሃምሳ ሳንቲም የማይሞላ ነገር። በኮምጣጤ ጠርገን ማራገቢያ ፊት ደረደርናቸው። አምስቱ ዳኑ። አራቱ ከነልጆቻቸው ተጣሉ።

ሒሳቡ ይኸው። ዕቃ 900። ላኪው 284። የወደብ ማዶው 410። የጭነት መኪና እስከ ቤት 180። ትራንዚተር 175። ቀረጥ 58። ድሮ ለታዳጊ አገሮች የሚሰጠው የቀረጥ ምሕረት ታይላንድንም ይጨምር ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ጊዜው አልፎ አልታደሰም። ድምሩ 2,007። ማጓጓዙ ከዕቃው በለጠ።

ግን እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። ወጪውን ለእያንዳንዱ ዕቃ በዋጋው ሳይሆን በያዘው ቦታ አካፈልኩት። ባለ ሦስቱ ስብስብ 5 ዶላር ተኩል ተገዝቶ ቤቴ ሲደርስ 18 ሆኗል። የሞንጉ ቦርሳ በ72 ሳንቲም ተገዝቶ አንድ ዶላር አልሞላም። ቅርጫት ሆድ ውስጥ ተደብቆ በነፃ ነው የተሳፈረው።

ፌብሩዋሪ 22

የማኅበረሰብ ባዛር፣ አንድ ጠረጴዛ በ75 ዶላር። ቦርሳ 34 ተሸጠ፣ ጃንጥላ 4፣ ደብተር 6፣ ስብስብ 5፣ ትንሿ 41። 1,038 ዶላር።

ለትልቁ ስብስብ ነበር ተስፋዬ። ሰው ሁሉ ያነሳዋል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ሁለተኛው ሲወጣ ይስቃል፣ ሦስተኛው ሲወጣ ጓደኛውን ይጠራል። ከዚያ «እንጀራ ይይዛል?» አይይዝም። መልሰው ይከቱታል። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም አውጥቼ የከተትኩት።

ትንሿን ግን አንዲት እናት አንስተው አሸተቷት። «ጭስ አላት» አሉ። «ማማ፣ ነቀዝ እንዳይበላት ነው» አልኳቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ቆሎ ነበር፤ ትንሽ ዘግነው ከተቱባትና ክዳኗን ገጥመው ጆሯቸው ጋ ነቀነቋት። «ልጄ፣ ይቺን 150 ማግኘት እችላለሁ? ጁላይ ላይ የልጄ ሠርግ ነው። በየጠረጴዛው ቆሎ ሞልቼ ላድላት።» ባለቤቴ ከኋላዬ «ሙዳይ ነው አላልኩም?» ይላል።

ያለኝ 79 ነው። እሺ አልኳቸው።

ኤፕሪል 3

ትላንት ማታ አዲሱ ቀረጥ ተነገረ። ታይላንድ 36 በመቶ። ትራንዚተሩ ስልክ አያነሳም። ሁሉም ሰው እየደወለለት ነው።

ኤፕሪል 10

36ቱ ለ90 ቀን ቆመ፤ 10 በመቶው ግን ይቀጥላል። ተቀምጬ አሰላሁት። በ900 ዶላር ዕቃ ላይ 36 በመቶ ማለት 324 ዶላር ነው። 10 በመቶ 90 ነው። ባለፈው ጭነት ለስብስቦቹ ቦታ ብቻ የከፈልኩት ከ750 በላይ ነው። ዜናው ስለ ቀረጥ ያወራል፤ እኔ አሁንም ጠላቴ ሴንቲ ሜትር ነው።

150 ትንንሾችን ለብቻቸው በፈጣን መልእክት ባስመጣ ስድስት ኪሎ የማይሞላው ዕቃ 30 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ለማማ ደወልኩ። ሁሉም እኩል ባይሆኑ፣ ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢሉስ? «ለልጆች ትንሹ፣ ለሽማግሌ ትልቁ፤ ምን ችግር አለው» አሉኝ። ለፓ በላይን ጻፍኩ፤ ትንንሾቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እንዲገቡ ስንት ድረስ ማጥበብ ይቻላል?

መልስ የለም። ሶንግክራን ሊገባ ነው፤ ዓመት በዓላቸው። አገሩ ሁሉ ውሃ ሊራጭ ነው።

ኤፕሪል 18

ጠዋት ላይን ከፈትኩ። ፓ ያለ አንድ ቃል ሁለት ፎቶ ልከዋል። በመጀመሪያው ክዳኗ የተገጠመ አንዲት ክራቲፕ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጣለች። በሁለተኛው ምንጣፍ ላይ በመስመር አምስት ተደርድረዋል፤ ከትልቅ እስከ ሎሚ የምታክል፣ በየክዳኑ ምልክቱ ተሰፍቶ፣ አንዱም ሳይገለበጥ። ከሥሩ ቁጥር ብቻ፤ 240።

220 ብዬ ላክሁላቸው።